ዳሩ መሀል ሲሆን

የደምበጫ፣ የፍኖተ ሰላምና የቡሬ መውጫዎች መልካቸው ይመሳሰላል። አስፋልቱን ተከትሎ የተሰለፈው የብሎኬት ቤት እየሳሳ ይሄድና በባሕር ዛፍ ተማግሮ ጭቃ የተመረገ፣ ቆርቆሮ የለበሰ ቤት ይተካዋል፤ ከዚያ ወዲያ የበቆሎ ማሳ ነው። በማሳው መሀል ግን አልፎ አልፎ ብቻውን የቆመ አዲስ የቆርቆሮ አጥር ይታያል። ውስጡ ቤት የለም፤ ያለው አንድ ክምር ድንጋይና ዝናብ የሸረሸረው አሸዋ ነው። ድንጋዩ የተከመረው «ይህ ቦታ ሰው አለው» ለማለት ነው። ማሳው ገና በቆሎ ያበቅላል፤ ዋጋው ግን ከተማ ገብቷል። ደላላውም የሚናገረው አይጠፋውም፦ መብራት ደርሷል፣ መንገድ ሊወጣለት ነው፣ ዛሬ ዳር የሆነው ነገ መሀል ይሆናል ይላል። ደላላው አልዋሸም። ዳር የነበረው መሀል ሲሆን በነዚህ ሦስት ከተሞች ደጋግሞ ታይቷል። ቦታውን የሚመዝነው ሰው ሊጠይቀው የሚገባው ግን ሌላ ነው፦ መሀል በሆነ ጊዜ የማን ይሆናል? ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ መልሱ የሚገኘው ባለፉት መቶ ዓመታት የመሬት ታሪክ ውስጥ ነው። ያ ታሪክ ሲመረመር የከተማ ዳርን ዋጋ የሚያሳድገው መንገድ እንደሆነ፣ ያደገውን ዋጋ ማን እንደሚበላ የሚወስነው ግን ባለይዞታው በእጁ የያዘው የመብት ዓይነት እንደሆነ ያሳያል።

ከመኪና መንገድ በፊት በዚህ አገር የመሬት ጉዳይ የርስት ጉዳይ ነበር። ከደምበጫ ጎን ባለው ደጋ ዳሞት በ1950ዎቹ መስክ የሠራው አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት አለን ሆበን በ1973 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ሥርዓት በዝርዝር መርምሯል። ርስት ዛሬ እንደምናስበው በአራት ማዕዘን ተለክቶ የተከለለ ንብረት አልነበረም። መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት በእናትም በአባትም የሚወለድ ሁሉ ድርሻ የመጠየቅ መብት ነበረው። ስለዚህ አንድ ሰው በብዙ አባቶች በኩል በብዙ ቦታ ርስተኛ ነኝ ሊል ይችላል፤ በእጁ የሚገባው ግን ተከራክሮ፣ ዘር ቆጥሮ፣ ሽማግሌና ዳኛ አሳምኖ ያገኘው ያህል ነው። ጉልበትና ተሰሚነት ያለው ሰው ድርሻውን ሲያሰፋ የደከመው ይጠብበት ነበር። በዚህ ሥርዓት ውስጥ መሬት ለባዕድ ለዘለቄታው መሸጥ ነውር ብቻ ሳይሆን የማይዘልቅም ነበር፤ ሻጩ የሸጠው የራሱን ድርሻ ቢሆንም ከሦስት ትውልድ በኋላ ዘሩን ቆጥሮ የሚመጣ ጠያቂ አይታጣም። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚለው ተረት ምኞትን ብቻ የሚገልጽ አልነበረም፤ የክርክሩን አሠራር በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚያስቀምጥ ነበር።

ታዲያ ከተማው እንዴት ተመሠረተ? ከተማ የሚለው ቃል ራሱ ከመክተም የመጣ ነው፤ ገዥው ከነሠራዊቱ የሚሰፍርበት ቦታ ማለት ነበር። ገዥው ሲነሣ ከተማውም አብሮ ይነሣ ነበር። ገበያና ቤተ ክርስቲያን ባሉበት የሚቀረው ሰው በአመዛኙ ርስት የሌለው ነበር፦ ሸማኔው፣ አንጥረኛው፣ ቆዳ ፋቂው፣ በብዙ የሰሜን አገር ርስት እንዳይዝ የተከለከለው ሙስሊም ነጋዴ፣ ከባሏ ተፋትታ ጠላና አረቄ ሸጣ የምታድር ሴት። እነዚህ ሰዎች አራሽ የማይፈልገውን የመንገድ ዳር ቦታ ይዘው ጎጆ ቀለሱ። የከተማ ዳርን ዋጋ ከማንም በፊት ያዩት እነሱ ናቸው፤ ያዩትም በብልጠት ሳይሆን ሌላ አማራጭ ስላልነበራቸው ነው። ይህን ማስታወስ የሚጠቅመው የዛሬው ቦታ ገዥ ራሱን የመጀመሪያው አስተዋይ አድርጎ እንዳያይ ነው። በጎጃም ገንዘብ የነበረው ሰው በበኩሉ ገንዘቡን ወደ ሌላ ቦታ ይወስድ ነበር። የጎጃሙ ገዥ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት በ1924 ዓ.ም. ከሥልጣን እስኪወርዱ ድረስ ከጎጃም ገበሬ በግብርና በመዋጮ የሰበሰቡትን ሀብት አዲስ አበባ ላይ በቤት፣ በሲኒማና በመኪና አውለውታል። ጎጃም ውስጥ መሬት ይዞ ዋጋው እስኪጨምር መጠበቅ አያዋጣም ነበር፤ ርስት የሚበላ እንጂ የሚሸጥ አልነበረምና።

ነገሩን የለወጠው መንገዱ ነው። ጣልያን በወረራው ዘመን በቡሬ፣ በደምበጫና በደብረ ማርቆስ ምሽግ ሲሠራ የመረጠው ጦርና ስንቅ የሚያመላልስበትን መስመር ነበር። ጣልያንን ያስወጣው የጎጃም ዘመቻም ያለፈው በዚሁ መስመር ላይ ነው፤ ከቡሬ ለቅቆ የሚያፈገፍገው የጣልያን ጦር የካቲት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ደምበጫ አቅራቢያ ከአንድ ኢትዮጵያዊ ሻለቃ ጦር ጋር ተጋጭቶ ብርቱ ውጊያ ተደርጓል። ከነፃነት በኋላ ያው መስመር የአዲስ አበባና የባሕር ዳር አውራ ጎዳና ሆነ። ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ በአንድ ክር ላይ እንደተሰኩ ዶቃዎች ተደርድረው ያደጉት በዚህ ምክንያት ነው። ፍኖተ ሰላም በስሟ ሳይቀር መንገድ ናት፤ ፍኖት በግእዝ መንገድ ነውና። ከደምበጫ ወደ ፈረስ ቤት፣ ከቡሬ ደግሞ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት የሚወጣው መንገድ ሲታከልበት መገንጠያዎቹ መጋዘን፣ ወፍጮ ቤት፣ ምግብ ቤትና አልጋ ቤት ያለባቸው ሰፈሮች ሆኑ። የቡሬና የጃቢ ጠህናን በርበሬና በቆሎ የሚጫነው ከዚያ ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ፍኖተ ሰላም 25,913፣ ቡሬ 20,410 ነዋሪ ነበራቸው፤ ዳሩ መሀል መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚናገር ማስረጃ አያስፈልግም።

መንገዱ የመሬቱን ዋጋ ሲጨምር ግን መንግሥትም መሬቱን ሊቆጥረው ፈለገ። የጎጃም ገበሬ መሬቱ እንዳይለካ ከነፃነት ማግስት ጀምሮ ሲከራከር ኖሯል፤ በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሊተገበር ሲል ግን ሙግቱ ወደ ዐመፅ ተለወጠ። ሞጣ፣ ቢቸና፣ ደጋ ዳሞት ተነሡ፤ መንግሥት በአውሮፕላን ሳይቀር ደበደበ፤ በመጨረሻ አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ተነሥተው ያልተከፈለው ግብር ተማረ። ይህን ዐመፅ የግብር ጥላቻ ብቻ አድርጎ ማየት ያሳንሰዋል። ገበሬው የፈራው ልኬቱን ነው። መሬቱ ተለክቶ በአንድ ሰው ስም ከተመዘገበ በእናትም በአባትም የሚጠየቀው የወገን ድርሻ ያበቃል፤ መሬቱም የሚሸጥና የሚነጠቅ ዕቃ ይሆናል። የጎጃም ገበሬ ያኔ ያነሣው ጥያቄ ዛሬም በከተማው ዳር አልተመለሰም፤ ማሳ ተለክቶ ቦታ ሲሆን ትርፉ ከአራሹ እጅ እንደሚወጣ ያኔም ጠርጥሮ ነበር።

በ1967 ዓ.ም. ደርግ ያወጣቸው ሁለት አዋጆች የርስትን ዘመን ዘጉ። አዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይዝ ወሰነ። ሐምሌ ላይ የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ደግሞ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ወረሰ። የሁለተኛው አዋጅ አሠራር ለዛሬው ቦታ ገዥ ትልቅ ትምህርት አለው። በመንገድ ዳር ሦስትና አራት ቤት ሠርቶ በኪራይ የሚኖር ሰው በአንድ ቀን ከአንዱ በቀር ሁሉንም አጣ፤ የሚኖርበት አንድ ቤት ግን ቀረለት። ትርፍ ባዶ ቦታ ይዞ ዋጋ የሚጠብቅ ሰው ግን ቦታውን አጣ። አዋጁ የማረው ጣሪያን ነው፤ ያልማረው ደግሞ ትርፍን ነው።

ደርግ ከወደቀ በኋላም መሬት ወደ ገበያ አልተመለሰም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደነገገ፤ ሰው የሚሸጠው በመሬቱ ላይ በጉልበቱና በገንዘቡ ያፈራውን ነው። «ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው የጥንት ቃል መሬትን በተመለከተ አዲስ ልብስ ለበሰ፤ ባለመሬቱ መንግሥት ነው። ይህ የወረቀት ነገር አለመሆኑን የጎጃም ገበሬ ሁለት ዓመት ቆይቶ በ1989 ዓ.ም. አየው። በአማራ ክልል በተደረገው የመሬት ሽግሽግ «ቢሮክራት» እና «የፊውዳል ርዝራዥ» የተባሉ ገበሬዎች አብዛኛው መሬታቸው ተወስዶ ለሌላ ተሰጠ። ከዚያ በኋላ የመጣው የይዞታ ምዝገባ ያን ፍርሃት ለማብረድ ታስቦ ነበር። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በሙከራ ከተመረጡት ቦታዎች አንዱ እዚያው ጎጃም ውስጥ ጎዛምን ነበር። ለገበሬው የሚሰጠው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ሲገለጥ የባልና የሚስት ፎቶ ጎን ለጎን ተለጥፎ ይታያል፤ ማሳው ከማንና ከማን ጋር እንደሚዋሰንም ተጽፎበታል። ይህች ደብተር የመጠቀም መብትን ታረጋግጣለች፤ ማከራየት፣ ማውረስና በሕጉ ለተፈቀደለት ሰው በስጦታ መስጠት ትፈቅዳለች። መሸጥን አትፈቅድም። ባል ብቻውን የፈረመው ውል ደግሞ ገና ከጅምሩ ግማሽ ፊት የጎደለው ነው።

በዚህ ምክንያት በከተማ ዳር የሚደረገው ሽያጭ ስሙን ለውጦ ይሄዳል። በወረቀት ላይ ስጦታ፣ ብድር ወይም ወለድ አገድ ይባላል፤ ብሩ ከእጅ ወደ እጅ ይቆጠራል፤ ሦስት ምስክር ይፈርማል። ወለድ አገድ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የታወቀ፣ አበዳሪው በወለድ ፈንታ ንብረቱን የሚጠቀምበት ውል ነው፤ ማሳን ለዘለዓለም ለማስተላለፍ ሲውል ግን ለሌላ ሰውነት የተሰፋ ልብስ ነው። ክርክር በተነሣ ቀን ገዥው ገንዘቡን የሰጠበትን ጉዳይ በአፉ መናገር አይችልም፤ ከተናገረ ውሉ ሕገ ወጥ ይሆናል፤ ካልተናገረ ያበደረውን ተቀብሎ ይሄዳል። የድሮው ርስተኛ ዘሩን ቆጥሮ እንደሚመጣ ሁሉ የዛሬው ሻጭ ልጅም ደብተሩን ይዞ ይመጣል። ተረቱ አላረጀም ማለት ነው።

የቡሬ ጉዳይ ደግሞ የዋጋውን ክፍፍል በቅርብ ያሳያል። በከተማዋ ዳር የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተገንብቷል፤ ፊቤላ የምግብ ዘይት ፋብሪካም በ2013 ዓ.ም. ተመርቋል። ፋብሪካ ሲመጣ ሠራተኛ፣ የጭነት መኪና፣ ኪራይ ቤት ይከተላል፤ ዙሪያው ይፈለጋል። ለልማት የሚነሣው ገበሬ ግን የሚከፈለው በምርቱ ስሌት ነው። በ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 455 ካሳው የአምስት ዓመት አማካይ ዓመታዊ ገቢ ዐሥር እጥፍ ነበር፤ የ2011ዱ አዋጅ ቁጥር 1161 ካለፉት ሦስት ዓመታት ገቢ የተሻለውን ወስዶ ወደ ዐሥራ አምስት እጥፍ ከፍ አድርጎታል፤ መልሶ ማቋቋምም ጨምሯል። ስሌቱን በምሳሌ እንየው። አንድ ጥማድ፣ ማለትም ሩብ ሄክታር ወይም 2,500 ካሬ ሜትር፣ በተሻለው ዓመት 30 ሺህ ብር አስገኝቷል እንበል። ካሳው 450 ሺህ ብር ይሆናል። ከጥማዱ ሲሶው ለመንገድና ለጋራ አገልግሎት ቢወጣ ከቀሪው ባለ 200 ካሬ ሜትር ስምንት ቦታ ይወጣል። ለአንዱ ቦታ ለገበሬው የደረሰው 56 ሺህ ብር ገደማ ነው። አንባቢ ይህን ቁጥር በራሱ ከተማ ዳር ደላላ ከሚጠራው ዋጋ ጋር ያስተያየው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከበቆሎው የመጣ አይደለም፤ መንገዱ፣ መብራቱና የሕዝቡ መብዛት የፈጠረው ነው። ሕጉ በካሳው ለገበሬው የቆጠረለት በቆሎውን ነው፤ ቀሪውን ከተማው በሊዝ፣ ቀድሞ በድብቅ የገዛውም በዕድል ይከፋፈሉታል።

በዚህ መከራከሪያ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ፤ ሁሉም መልስ ይገባቸዋል። የመጀመሪያው «በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ ዳር በእጅ ውል የገዙ ሰዎች ከበሩ እንጂ አልከሰሩም» የሚል ነው። እውነት አለው። በአዲስ አበባ እስከ 1997 ዓ.ም. ያለ ፈቃድ ከተያዙት ይዞታዎች ብዙዎቹ በኋላ በመመሪያ ካርታ አግኝተዋል። ነገር ግን ምሕረቱን ያገኘው ቤት ሠርቶ የሚኖርበት፣ በአየር ፎቶ ላይ ጣሪያው የታየ ነው። ጣሪያ ብቻውንም ሁልጊዜ አያድንም፤ በየካቲት 2011 ዓ.ም. ለገጣፎ ላይ ሰው የሚኖርባቸው ቤቶች ሕገ ወጥ ተብለው ፈርሰዋል። የከበረው ሰው ታሪኩ ይነገራል፤ ቤቱ የፈረሰበት ሰው ግን ከሰፈሩ ስለሚነሣ ታሪኩም አብሮት ይሄዳል። ከተረፉት ብቻ ተነሥቶ ማስላት ስሌትን ያዛባል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል፦ «ብር በባንክ ይሟሟል፤ መሬት ግን አይሟሟም።» በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ገበያ መር ሲሆን 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ጊዜ ከመቶ ብር ማለፉን ያየ ሰው ብሩን ወደ ቦታ ቢለውጥ አይፈረድበትም። ሆኖም የማይሟሟው ምኑ እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። አፈሩ አይሟሟም፤ የገዥው መብት ግን በአንድ አዋጅ ይሟሟል። በ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 መሠረት እንኳ በሕጋዊ መንገድ በጨረታ ቦታ ወስዶ ግንባታውን ግማሽ ሳያደርስ የሚያስተላልፍ ሰው የሚያገኘው የከፈለውን ከነወለዱ፣ የሠራውን ዋጋና ከመተላለፊያ ሊዝ ዋጋው 5 በመቶ ብቻ ነው። ሕግ አውጪው ባዶ ቦታ አስቀምጦ ማትረፍን አስቦበት ዘግቷል። ከዚህ በተጨማሪ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የቀጠለው ጦርነት በዚህ መስመር ላይ መንገድ ሲዘጋ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ፣ ንግድ ሲቆም አሳይቷል። ዋጋን የሚያሳድገው መንገድ ከሆነ፣ መንገዱ በተዘጋ ቀን ዋጋውም እዚያው ይቆማል። ቸኩሎ መሸጥ የማይቻል ንብረት ለክፉ ቀን መጠባበቂያ ነው ለማለት ያስቸግራል።

ሦስተኛው ተቃውሞ የሚመጣው ለከተማው ከሚቆረቆር ሰው ነው፦ ሰው ቦታ ካልገዛ፣ ካልሠራ ከተማ እንዴት ያድጋል? ለዚህ ታሪኩ ራሱ መልስ አለው። ደምበጫንና ፍኖተ ሰላምን ያሳደጓቸው ርስት የሌላቸው ሰዎች ቤት ሠርተው፣ ጠላ ጠምቀው፣ ሸማ ሠርተው፣ ወፍጮ ተክለው ነው። አጥሮ መጠበቅ ከተማ አላሳደገም፤ የታጠረ ባዶ ቦታ መንገዱንም መብራቱንም ወደ ፊት እየገፋ ከተማውን ያስረዝመዋል፤ ገበሬውንም ከማሳው ቀድሞ ያስነሣዋል። ለከተማ የሚጠቅመው ገንዘብ ጣሪያ የሚያቆመው ገንዘብ ነው።

ስለዚህ ከአዲስ አበባም ሆነ ከውጭ አገር ሆኖ በነዚህ ከተሞች ዳር ገንዘብ ለማዋል የሚመዝን ሰው ፍርዱን በዚህ መልክ ቢሰጥ ታሪክ ይደግፈዋል። ሰፈሩ ይሻሻላል ወይ ለሚለው መልሱ በአብዛኛው አዎን ነው፤ መንገዱ እስካለ ድረስ። የሚሻሻለውን ሰፈር ዋጋ ይዞ ለመቆየት ግን ሁለት ነገር በአንድነት ያስፈልጋል፦ ካርታና ጣሪያ። በገዥው ስም የሚዞር ካርታ ያለው ቤት ይግዛ፤ ነባር ይዞታ ከውርስ ውጪ በሽያጭ ሲተላለፍ ወደ ሊዝ እንደሚገባ አስልቶ ይግባ፤ ወይም በይፋ ጨረታ ወስዶ በጊዜው ይሥራ። የአራሽን ማሳ በስጦታ ስም የሚያቀርብለትን ደላላ «የባለቤቱ ሚስት ፎቶ ያለበትን ደብተር አሳየኝ» ይበለው፤ ከዚያም ወደ መሬት አስተዳደር ቢሮ ሄዶ በሥራ ላይ ያለውን ሕግ ይጠይቅ። በመቶ ዓመት ውስጥ ርስቱም፣ ትርፍ ቤቱም፣ ሰፊው ማሳም በየተራው ተወስዷል። ካርታ ያለውና ሰው የሚኖርበት ቤት ከሁሉም በተሻለ ቆይቷል፤ በማሳ መሀል የታጠረ የድንጋይ ክምር ግን በየትኛውም ዘመን መብት ሆኖ አያውቅም።